መጽሐፍን በጆሮ መዋስ
(በሱዳን፣ በሀዋታና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ሀዋታ ላይ ቆሞ ስለ ቤተ መጻሕፍት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በዚህ ሐሩር ሰሊጥ ሲያርም ወይም ሲያጭድ የዋለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እራቱንና መኝታውን ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳን ጦርነት ላይ ናት፤ ሀዋታ ያለችበት ገዳሪፍም ከየአቅጣጫው የሚሸሸውን ሕዝብ ስትቀበል ከርማለች። ይህን ሁሉ ሳልዘነጋ ነው የመጣሁት። ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ተመዝግቦ ወጥቶ፣ አንድ ሰው ሰምቶት፣ ተመልሶ ለሌላ እንዲደርስ ማድረግ እዚሁ ሀዋታ ውስጥ ይቻላል። ሕንፃ አይጠይቅም፤ ኢንተርኔትም በየቀኑ አይጠይቅም።

ለማን ይጠቅማል ብትሉኝ ጎን ለጎን የተቀመጣችሁትን ተያዩ ነው የምላችሁ። ፊደል ቆጥሮ የሚነበብ ነገር የናፈቀው አለ፤ ከመተማ ወዲህ የአማርኛ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝምና። ማንበብ እየቻለ እጁ ማጭድ ይዞ የሚውል አለ። ዓይኑ የደከመ አለ። ፊደል የመቁጠር ዕድል ያላገኘም አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉት ልጆች ናቸው። የኢትዮጵያውያን ነገር በዚህ አገር የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስደተኞች በራሃድ ወንዝ አካባቢ ባሉት ሰፈራዎች፣ በተነድባ፣ በመፋዛና እዚሁ በሀዋታ ኖረዋል፤ የልጅ ልጅ ያዩም አሉ። እነዚህን ልጆች እናታቸው በአማርኛ ትጠራቸዋለች፣ በአማርኛ ትቆጣቸዋለች፤ ትምህርት ቤት የሚማሩት ግን በዐረብኛ ነው። አማርኛን ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፣ ይቀልዱበታል፤ ፊደሉን አያነቡም። ለእንዲህ ያለ ልጅ የአማርኛ ልብ ወለድ ብትሰጡት ሽፋኑን አይቶ ይመልስላችኋል። ያንኑ መጽሐፍ ሲያነቡለት ግን ቁጭ ብሎ ያደምጣል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ «መስማት ማንበብ አይደለም፣ ስንፍና ነው» የሚል። ይህን የሚሉ ሰዎች የራሳችንን የትምህርት ታሪክ የረሱ ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው ብራና ከመግለጥ ጎን ለጎን በቃል ትምህርት ያልፋል። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሌሊት ይቀጽላል፣ ጠዋት ይመልሳል። ዓይናቸውን አጥተው ከዓይናሞች በላይ የተማሩ፣ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሊቃውንት የወጡት ከዚሁ ሥርዓት ነው። የወሎ መድረሳዎችም ቢሆኑ ቁርኣንን ልብ ላይ የሚያስቀምጡት ከሼኩ አፍ በመቀበል ነው። እኛ ዘንድ ጆሮ የትምህርት ሁለተኛ በር ሆኖ አያውቅም።

ሬዲዮ ሲመጣም የያዝነው በዚሁ ልማድ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበው ሰው ብዙ ነው፤ ታሪኩን የሚያውቀው ሕዝብ ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ምክንያቱም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ተረከው። ወጋየሁ ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም የልብ ወለዱ ጉዱ ካሣ ሲባል በብዙ ሰው ጆሮ የሚያቃጭለው የእሱ ድምፅ ነው። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ሰዎች ከፊታውራሪ መሸሻና ከሰብለ ወንጌል ጋር የተዋወቁት በዚያ መንገድ ነው። አንድ ጥሩ አንባቢና አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ያደረጉትን ነገር ብዙ ማተሚያ ቤት አላደረገውም።

የሬዲዮ ችግሩ ሰዓት መጠበቁ ነበር። በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ ከነበርክ ያ ክፍል አለፈህ። «እባክህ ያለፈውን ድገምልኝ» አይባልም። ተበድሮ ማዳመጥ የሚባለው ነገር ይህን ይፈታል። ታሪኩ ከምናስበው በላይ ረዥም ስለሆነ ትንሽ ልንገራችሁ።

የድምፅ መጽሐፍ መጀመሪያ የተሠራው ለዓይነ ስውራን ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1931 ምክር ቤቱ ለዓይነ ስውራን ጎልማሶች የመጻሕፍት አገልግሎት የሚያቋቁም ሕግ አወጣ፤ በ1934 ድምፅ በሸክላ ተቀድቶ በፖስታ ይላክ ጀመር። እንግሊዞች በ1935 ተከተሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ብሬል መማር እየከበዳቸው ነበርና ያ አገልግሎት ለብዙዎቹ ደረሰላቸው። አንድ ልብ ወለድ ለመቅዳት አሥር ያህል ሸክላ ይፈጅ ነበር። ተበዳሪው ሸክላዎቹን ሰምቶ፣ ወደ ሣጥናቸው መልሶ፣ ለፖስታ ይሰጣል፤ ሌላው ሰው ይቀበላል። ሸክላው ወደ ካሴት ተለወጠ። ከዚያ የሆነው ነገር በተለይ ለእኛ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያው የአሜሪካ አገልግሎት መጽሐፉን በትንሽ የሚሞሪ ካርትሪጅ ላይ ጭኖ፣ ከማጫወቻ ጋር ይልክ ጀመር። ማጫወቻው ቁልፎቹ ትልልቅ፣ በጣት የሚለዩ ናቸው፤ የቆመበትን ቦታ ያስታውሳል። ተበዳሪው ካርትሪጁን ሲጨርስ በዚያው መያዣ መልሶ በነፃ በፖስታ ይልካል። ልብ በሉ፤ ኢንተርኔት እንደ ውኃ በሚፈስበት አገር እንኳ፣ ሽማግሌውና ዓይነ ስውሩ እንዳይቸገሩ ብለው በእጅ የሚያዝ ነገር ልከው በእጅ ይቀበላሉ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዓይናማው ሕዝብ የሚጠቀምበት ደግሞ ሌላ ነው። ሲያትል ወይም ዋሽንግተን ዘመድ ያላችሁ ሊቢ የሚባለውን መተግበሪያ ስም ሰምታችሁ ይሆናል። የሠራው ኦቨርድራይቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ሊቢን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በምትኖርበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ታወጣለህ፤ ካርዱ ነፃ ነው። የካርዱን ቁጥር ስልክህ ላይ ታስገባለህ። የምትፈልገውን መጽሐፍ ትፈልጋለህ። ካለ ትዋሳለህ፤ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ተራ ትይዛለህ። ተራህ ሲደርስ ስልክህ ይነግርሃል። አንዴ ካወረድከው በኋላ ያለ ኔትወርክ ታደምጣለህ፤ ታቆማለህ፣ ትቀጥላለህ፣ አንባቢው ከዘገየብህ ታፈጥነዋለህ። እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ሕግ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲሞላ መጽሐፉ ከስልክህ ላይ ራሱ ይጠፋል። መቀጫ የለም፣ «ረሳሁት» የለም።

እንዲህ ስል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል። በኮምፒዩተር ያለ ፋይል ተባዝቶ አያልቅም፤ ታዲያ ለምን ተራ ይያዛል? ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ቤተ መጻሕፍቱ የሚገዛው ፋይሉን ሳይሆን ፈቃዱን መሆኑ ነው። አሳታሚው «በዚህ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ያደምጣል» ብሎ ይሸጣል። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያደምጥ የፈለገ ቤተ መጻሕፍት አምስት ፈቃድ ይገዛል። ዋጋውም አንድ ግለሰብ ከሚከፍለው ይበልጣል። ይህ አሠራር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት የታተሙ መጻሕፍትን በራሱ ስካን አድርጎ፣ አንዱን ቅጂ ለአንድ ሰው እያለ ሲያውስ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ከሰሱት፤ በ2023 ተረታ፣ በ2024 በይግባኝም ተረታ። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ አሳታሚዎቹ ገመዱን አጥብቀውታል፤ ነገር ግን ደራሲ የሚበላው ከዚያው ገመድ ላይ ነውና ጨርሶ ይበጠስ ማለትም አልችልም።

እንግዲህ ይህ ሊቢ የተባለው ነገር ለሀዋታ ይሠራል? በአጭሩ አይሠራም። ካርዱን የሚሰጡት ለከተማቸው ነዋሪ ነው። ሜኔሶታ ያለች እኅታችሁ ቁጥሯን ብትልክላችሁ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ግን ስሟ የተጻፈበት ካርድ ነው፣ የሚጠየቀውም እሷ ናት። ደግሞ ከሊቢ ያወረዱትን ወደ ሌላ ማጫወቻ ማዛወር አይቻልም፤ ስማርት ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ግድ ይላል። ሁለተኛው ችግር ኔትወርኩ ነው። በጥር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ሦስቱም የስልክ ኩባንያዎች በአንድ ላይ ሲጠፉ ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከድንበሩ ማዶም በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በኔትወርክ ላይ ብቻ የቆመ ቤተ መጻሕፍት እኛ ዘንድ በዓመት ውስጥ ስንት ወር እንደሚከፈት እናንተው ገምቱ።

አማርኛውስ የት አለ? አለ፤ ጥሩ ጥሩ ነገር አለ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «ሸገር ሼልፍ» በአንዷለም ተስፋዬ አንደበት ብዙ መጻሕፍትን አሰምቷል። ተራኪ የተባለ የአማርኛ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያም አለ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ትረካ ብላችሁ ብትፈልጉ ሌሊቱ አይበቃችሁም። እዚያ ያለው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱን ደራሲው ራሱ ፈቅዶ አስነብቦታል። አንዳንዱን ማንም ሳይጠየቅ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አንብቦ፣ ማስታወቂያ ለጥፎበት ይበላበታል። ዩቲዩብ ላይ የሰማኸው ነገር የአንተ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲያነሣው ወይም ክስ ሲመጣበት ነገ የለም። በዳታ ካዳመጥከው ደግሞ ካርድህ በምዕራፍ ሁለት ያልቃል።

ስለ ፈቃዱ ትንሽ ልበል፤ ሳልናገር ባልፍ ደራሲዎቻችን ይታዘቡኛል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ዕድሜውን ሙሉና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ዓ.ም. ባለቤት አለው። ተራኪውም፣ ድምፁን የቀዳው ድርጅትም የየራሳቸው መብት አላቸው። አንድን ትረካ አባዝቶ ለማዋስ የደራሲው ይሁንታ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ድንበር ተሻግረናልና አይመለከተንም የሚለው አነጋገር ደስ አይለኝም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ከዚያው መጽሐፍ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ደግሞም መጠየቅ ቀላል ነው። ብዙ ደራሲ የስልክ ቁጥሩን መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያትማል። «እዚህ ድንበር ላይ ያሉ ልጆች እንዲሰሙት፣ በዚህን ያህል ቅጂ ብቻ፣ ሳይሸጥ» ብላችሁ በጽሑፍ ብትጠይቁት እሺ የሚል አይጠፋም። እምቢ ካለም መብቱ ነው።

አሁን ወደ ሀዋታ ልመለስ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በዚህ አካባቢ የድምፅ አዋሽ ሆኖ የኖረው ሚሞሪ የሚጭነው ልጅ ነው። መተማ ዮሐንስ ሂዱ፣ ገዳሪፍ ገበያ ሂዱ፤ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስፒከር፣ ብዙ ሽቦ ያለበት ጠባብ ሱቅ ታገኛላችሁ። ሰው ሚሞሪውን ያቀብላል፣ ልጁ ዘፈን ይጭናል፣ መዝሙር ይጭናል፣ መንዙማ ይጭናል። ከዘፈኖቹ ሥር ትረካ የሚል ፎልደርም አይጠፋም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ያንን የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ ታሪክ ጫንልኝ» ይሉታል፤ እሱም «እሺ እማማ» ብሎ ሰባ ፋይል ይገለብጥላቸዋል። እማማ ቤታቸው ገብተው ሲከፍቱት ግን በዛብህ ገና ሳይወለድ ይሞትባቸዋል።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ የድምፅ መጽሐፍን ከዘፈን የሚለየው ይኸው ነውና። ዘፈን ቢዘበራረቅ ማንም አይጎዳም። መጽሐፍ ቅደም ተከተሉን ካጣ ግን መጽሐፍ መሆኑ ቀረ። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው። ፋይሎቹ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ከተሰየሙ ብዙው ማጫወቻ ከ1 ቀጥሎ የሚያጫውተው 10ን ነው፤ ከዚያ 11ን፤ 2 የሚመጣው ከ19 በኋላ ነው። መፍትሔው 001፣ 002፣ 003 ብሎ መሰየም ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ባለ ሚሞሪ ሬዲዮኖችና ስፒከሮች ስሙን አያዩም፤ የሚያጫውቱት ፋይሉ ካርዱ ላይ በተገለበጠበት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ካርዱን መጀመሪያ ፎርማት አድርጎ፣ ከዚያ ክፍሎቹን በተራቸው መገልበጥ ያስፈልጋል። ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍም አያዋጣም፤ ብዙው በተን ስልክ ፊደላችንን አያውቀውም፣ በምትኩ ባዶ ሣጥን ይደረድራል። ቁጥር ብቻ ይበቃል። ይልቁንስ አንባቢው በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ «ምዕራፍ ሦስት፣ ክፍል ሁለት» ብሎ በድምፁ ይናገር። ያን ጊዜ ማንበብ የማይችለውም፣ የማያየውም የት እንዳለ ያውቃል።

የክፍሉ ርዝመትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በተን ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የቆመበትን አያስታውስም። የሁለት ሰዓት ፋይል ከጫናችሁና ባትሪው በመሐል ከሞተ፣ ሰውየው ነገ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ከነገ ወዲያ ይተወዋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ብትቆርጡት ግን የሚጠፋበት ትንሽ ነው፤ ቁጥሩን ካስታወሰ ይበቃዋል።

መጠኑ አያስጨንቃችሁ። ንግግር እንደ ሙዚቃ ቦታ አይፈጅም። በኤም ፒ ስሪ፣ በሞኖ፣ በ64 ኪሎ ቢት ብትቀዱት አንድ ሰዓት ትረካ 29 ሜጋ ባይት ያህል ነው። 25 ሰዓት የሚፈጅ ወፍራም መጽሐፍ 720 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ባለ 8 ጊጋ ካርድ እንዲህ ያሉ አሥር መጻሕፍት ይይዛል። እኔ ግን አሥሩን አንድ ላይ አትጫኑ እላለሁ። አንድ ካርድ ላይ አሥር መጽሐፍ ከጫናችሁ አንድ ተበዳሪ አሥሩንም ይዞ እርሻ ይወርዳል፤ ዘጠኙ ያለ ሰሚ ኪሱ ውስጥ ይከርማሉ። ትንሽ ካርድ ግዙ፣ አንድ ረዥም መጽሐፍ ወይም ሁለት ሦስት አጫጭር ጫኑበት። 64 ጊጋ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውንም ተጠንቀቁ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን የማይዝ፣ ሲሞላ የቀደመውን የሚያበላሽ ሐሰተኛ ካርድ ገበያውን ሞልቶታል።

አሁን የአሜሪካውን ካርትሪጅ ላንሣ። ሊቢ በረቀቀ ፕሮግራም የሚያስጠብቀውን ነገር፣ አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ የሚለውን፣ ሚሞሪ ካርዱ በተፈጥሮው ያስጠብቀዋል። ካርዱ በአንድ ጊዜ ሁለት ስልክ ውስጥ አይገባም። ደራሲውን «አምስት ካርድ ብቻ» ብላችሁ ካስፈቀዳችሁ ካርዶቹ አምስት ናቸው፤ ስድስተኛው ሰው ተራ ይይዛል። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። የካርዱ ቁጥር፣ የተበዳሪው ስም፣ የወጣበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን። ጠፍቶ ቢቀር ምትክ የሚገዛበት ትንሽ መያዣ ገንዘብ ተቀበሉ፤ ሲመለስ መልሱ። ደብተሩን የሚይዘው ሱቅ ያለው ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ሱቅ ከማለዳ እስከ ማታ ክፍት ነው፣ ሶላርም አይታጣበትም።

አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ሁኑ፤ የተመለሰው ካርድ እንደ ሄደው አይመለስም። ልጆቹ ምዕራፍ አራትን ሰርዘው ዘፈን ጭነውበት ታገኙታላችሁ። ስለዚህ እናት ቅጂው የማይዋስ፣ በሌላ ካርድ ወይም ፍላሽ ላይ የተቀመጠ ይሁን፤ ካርድ በተመለሰ ቁጥር ፎርማት ተደርጎ ከእናት ቅጂው እንደገና ይገልበጥ። ዜንደር በሚባለው መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፉም ይኖራሉ። ይህን ማስቆም አይቻልም፤ ቢሆንም በካርዱ መግቢያ ላይ አንባቢው «ይህ በደራሲው ፈቃድ ለማዋስ ብቻ የተቀዳ ነው» ብሎ ይናገር። የሰማ ሰው ቢያንስ አውቆ ያደርገዋል።

ይህ ዓይነት ነገር ከእኛ በፊት ተሞክሯል። ጋና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 በኋላ ስክሪን የሌለው፣ በቁልፍ ብቻ የሚሠራ ቶኪንግ ቡክ የሚባል መሣሪያ ለገበሬዎች እየተዋሰ ስለ እርሻና ስለ ጤና ያስተምር ነበር። ገበሬው ሰምቶ ሲጨርስ ጥያቄውን በራሱ ድምፅ እዚያው ላይ ይቀዳል። ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም ደስ ይለኛል። የእኛም ተበዳሪ ካርዱን ሲመልስ አንድ ደቂቃ ድምፁን ቢተውልን፣ ቀጥሎ ምን መቅዳት እንዳለብን እሱ ይነግረናል።

ዓይነ ስውራንን በተመለከተ የቅጂ መብት ሕጉ ነገር ይለያል፤ ለእነሱ በሩ ሰፋ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ማራካሽ ላይ የተፈረመው ስምምነት የታተመን መጽሐፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ያለ ደራሲው ፈቃድ ጭምር በድምፅ ወይም በብሬል እንዲዘጋጅላቸው፣ በአባል አገሮች መካከልም ድንበር እንዲሻገር ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ገብታበታለች። ሥራው ግን ማንም ተነሥቶ የሚሠራው ሳይሆን በታወቀ ተቋም በኩል የሚሄድ ነው፤ በመካከላችሁ ዓይነ ስውር ተማሪ ካለ አዲስ አበባ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን ጠይቁለት።

ምን እንቅዳ ለሚለው የራሴን ምርጫ ልንገራችሁ። ልብ ወለዱ ይቆይ አልልም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ ውሎ ማታ ምክር ብቻ ቢሰማ ያንቀላፋል። ግን የመጀመሪያው ካርድ ላይ ከታሪኩ በፊት አሥር ደቂቃ ስለ ካላዛር ይቀዳ። ይህ በሽታ የሚይዘው ስንጥቅ ዋልካና ግራር ባለበት ምድር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው፤ የራሃድና የአትባራ ዳርቻዎች ቤቱ ናቸው። ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ የሚያብጥ ጣፊያ፣ የሚመነምን ሰውነት ካለ ወባ ነው ብሎ ኪኒን እየገዙ መክረም ሕይወት ያስከፍላል። ከደጋ የሚወርደው አዲስ ሠራተኛ ይህን አያውቅም። ሐኪም አስነብባችሁ ወይም አስነግራችሁ ቅዱት። ለዚህ ማንም ፈቃድ አይነሣችሁም።

ከዚያ የልጆቹ ተራ ይሁን። ተረት የማንም የግል ንብረት አይደለም። የእናንተው እናቶች የሚያውቁት የጦጣና የጅብ ተረት ባለቤቱ ሕዝቡ ነው፤ ቅዱት፣ አባዙት፣ አውሱት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባለውን ሰው ታሪክ ላስታውሳችሁ። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ተሰድዶ አሜሪካ ገባ፤ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱ በብዙ ቋንቋ የልጆች መጻሕፍት ሲሰበስብ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን አጣ። ራሱ ጻፈ፤ ተመልሶ መጥቶም አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ሀዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭኖ በየመንደሩ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲ ኤን ኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጠው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ እንደ እናንተ በዚህ አገር ስደተኛ ነበር።

ለመቅዳት ስቱዲዮ አትፈልጉ። ነፋስ ሲቆምና ጄኔሬተር ሲጠፋ፣ በሌሊት፣ በር ዘግታችሁ፣ ጋቢ ከላይ ጣል አድርጋችሁ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ያዙ። አንባቢው አይቸኩል። ቢሳሳት ቆም ብሎ ከአረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይድገመው፤ ስሕተቱ ኋላ ይቆረጣል። ድምፁን ተዋናይ ለማስመሰል የሚጨነቅ ሰው ግን ይቅርብን፤ ወጋየሁ አንድ ነበር።

አሁን ከእናንተ የምፈልገውን ልንገራችሁና ልጨርስ። አንባቢነት የሚሆናችሁ፣ በተለይ አስተማሪ የነበራችሁና ዲያቆናት የነበራችሁ፣ ስማችሁን ዛሬ ሳትወጡ አስመዝግቡ። ላፕቶፕ ያላችሁ ወጣቶች መቁረጡንና መሰየሙን ተረከቡ። ወደ መተማና ወደ ጎንደር የምትመላለሱ ነጋዴዎች የደራሲዎቹን የፈቃድ ወረቀት የማምጣቱን ሥራ ውሰዱልን። ተረት የምታውቁ እናቶች ቤታችሁ እንመጣለን፤ ቡናውን ብቻ አፍሉ። ደብተሩን የሚይዘው ባለ ሱቅ ከመካከላችሁ ይመረጥ፤ ምርጫውን አሁኑኑ፣ እዚሁ እንደተቀመጣችሁ አድርጉት።